የፕራዶው ጭረትና የጋሽ ሸዋንዳኝ ይቅርታ

ሹኩሪያ ይቅር የተባለችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ወጥ ቤት ቆማ የሕፃኗን እንቁላል ስትልጥ ነው። ምን አጥፍታ እንደሆነ ገና አላወቀችም ነበር። ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ከውጭ ሲያዩት ግንብ ይመስላል እንጂ ውስጡ ወረቀት ነው፤ ሳሎን ያስነጠሰውን ሰው ወጥ ቤት ያለው ሰው "ይማርህ" ይለዋል። ወንድሙ የሚባለው የአክስቷ ልጅ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ሶፋው ላይ አስቀምጦታል። ከአዲስ አበባ የሚናገሩት ጋሽ ሸዋንዳኝ ናቸው፤ የሚናገሩትም እንደ ልማዳቸው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ አዳራሽ ነው። "ልጅቷን እንዳትቆጣት! ከገጠር የመጣ ሰው መኪና በምን እንደሚታጠብ በምን ያውቃል? በድስት ሽቦ ብትፈገፍገውም በቅንነት ነው። እኔ ይቅር ብያታለሁ፣ በቃ!" ከኋላቸው የባለቤታቸው የእትዬ ሳምራዊት ድምፅ መጣ፤ የእሳቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው። "ይቅርታውስ ይሁን። ግን ወንድሙ፣ መኪና በሽቦ የምታጥብ ልጅ ሕፃናት ጋ አላስገባም። ያ ያልነው ነገር ይቅር።"

ያ የተባለው ነገር የሹኩሪያ ሥራ ነው። እትዬ ሳምራዊት ዱባይ፣ አል ቁሳይስ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ አላቸው፤ ከረመዳን ጀምሮ "አንቺ ልጅ እጅሽ ሕፃን ያውቃል፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ ቪዛሽን ወደ እኔ አዙሬ ረዳት አደርግሻለሁ" ሲሏት ከርመዋል። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ እሑድ ዕረፍት፣ ከሁለት ሴቶች ጋር የምትጋራው ክፍል፣ በወር መጨረሻ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር። እዚህ ቤት ሁለት ዓመት የኖረችው በዘመድ ደንብ ነው። የዘመድ ደንብ ማለት የሕፃኗ አልጋ ሥር ፍራሽ ዘርግቶ ማደር፣ ከሁሉ ቀድሞ መነሣት፣ ከሁሉ በኋላ መተኛት፣ ስለ ደመወዝ ሲነሣ ደግሞ "አንቺ እኮ የቤት ልጅ ነሽ" መባል ነው። የቤት ልጅ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። ሹኩሪያ ሶፋው ላይ የምትወጣው ሽፋኑን ለማጠብ ልታወልቅ ስትታገል ብቻ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የወንድሙ ሚስት፣ የሕፃኗ እናት ሊሊ፣ ባንክ ቤት ደንበኛ ስታነጋግር እንደምታደርገው ድምጿን አለስልሳ፣ "ምን ይደረግ። እንዲያውም ይሻላል፤ እዚሁ ትቆይልናለች" አለች። ወንድሙ አልመለሰላትም። ሹኩሪያ የተላጠውን እንቁላል ሳታውቀው በመዳፏ ጨፍልቃው ኖሯል፤ ሌላ መቀቀል ነበረባት።

እንግዲህ እውነቱ ይኸውና። ጋሽ ሸዋንዳኝ ለአንድ ወር አገር ቤት ሲሄዱ የፕራዶአቸውን ቁልፍ ለወንድሙ ሰጥተው "አደራ፣ በሳምንት አንዴ ሞተሩን አስነሣው እንጂ እንዳትነዳው" ብለውታል። ወንድሙ ሦስት ሳምንት አደራውን ጠበቀ። በአራተኛው ዱባይ የባልደረባው ሠርግ መጣ፤ የራሱን ትንሽ መኪና አየ፣ በአደራ የቆመውን ፕራዶ አየ፣ ሰው ነውና በፕራዶው ሄደ። ሲመለስ ሕንፃው ሥር ያለው ማቆሚያ ውስጥ ሲጠመዘዝ፣ ቢጫና ጥቁር የተቀባውን ምሰሶ በቀኝ የኋላ በር ታክኮት አለፈ። ከዚያ በር ጀርባ የተቀመጠችው፣ ያንቀላፋችውን ሕፃን ታቅፋ፣ ሹኩሪያ ነበረች። ድምፁን በጎኗ ነው የሰማችው። ሕፃኗ ባንና ስታለቅስ ወንድሙ "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" አለ፤ ሹኩሪያ ሕፃኗን የሚያባብል መስሏት ነበር። በማግሥቱ ስታየው ከበሩ እጀታ ሥር እስከ ኋላ ጎማው ክንድ ከስንዝር የሚሆን ጭረት ተጋድሟል፤ ሁለት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ላሜራው ይታያል። ያንን መኪና እሷ በሽቦ ቀርቶ በውኃም ነክታው አታውቅም።

መከሰስ ሌላ ነገር ነው። ሹኩሪያ ከዚህ በፊት አጅማን፣ አል ራሺዲያ፣ ማዳም ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ ተከሳ ታውቃለች፤ ቀለበት ጠፍቶ "አንቺ ነሽ" ስትባል ምንጣፍ ገልብጣ፣ የልብስ ማጠቢያውን ፈትታ፣ ቀለበቱን ከማዳም ልጅ የሱሪ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። የተከሰሰ ሰው ይሟገታል፣ ይምላል፣ ምስክር ይቆጥራል። ይቅር የተባለ ሰው ግን ምን ይላል? አመሰግናለሁ ይላል። ያን ሲል ደግሞ ጥፋቱን በገዛ እጁ ፈረመ ማለት ነው። ሹኩሪያን ያነደዳት ይህ ነው። እነሱ ተሰብስበው ወንጀል ሠርተውላት፣ ፈርደውላት፣ ምሕረት አድርገውላት፣ እሷ እንቁላል እየላጠች ነበር።

ወንድሙ ወደ ወጥ ቤት ብቅ ያለው ፊቱን አሳምሮ ነው። "ሹኩሪያዬ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ትወጫለሽ። መኪናውን እናስቀባና ዘጠኝ ተኩል ላይ እነጋሽ ሸዋንዳኝን ከአየር ማረፊያ እንቀበላለን።" ሹኩሪያዬ ብሎ የሚጠራት ዐረብኛ ሲያስፈልገው ነው። ወንድሙ እንግሊዝኛው የተመሰገነ ሰው ነው፤ የሚሠራው ዱባይ ሆቴል ውስጥ፣ ክራቫት አስሮ ነው፤ ሰናዒያ የሚባለው የጋራዥ ሰፈር ገብቶ ግን ዋጋ መጠየቅ አይችልም። ሊሊ ከኋላው ቆማ ሞባይሏን እያየች "እኔ ልጅቷን እይዛታለሁ፣ ሂጂ" አለች፤ ዐይኗን ቀና አላደረገችም። ሹኩሪያ ሂጃቧን አስተካክላ ቦርሳዋን ያዘች። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም፤ አመሰግናለሁ እንደማትል ብቻ ታውቃለች።

አሳንሰሩ ውስጥ ሁለቱም ቁጥሩን ነበር የሚያዩት። ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ምሰሶው እንዳለ ነው፤ ቢጫው ላይ ነጭ መስመር ጥሎበታል፤ የፕራዶው ነጭ ላይ ደግሞ የምሰሶው ቢጫ አለ። ተሰጣጥተዋል። ሹኩሪያ ቆም ብላ ምሰሶውን አየችው። "ግቢ እንጂ" አለ ወንድሙ። ከሕንፃው ወጥተው የመንገዱን መጨናነቅ ሲቀላቀሉ ዐይኑን ከፊቱ ካለው መኪና ላይ ሳያነሣ ጀመረ።

"ጋሽ ሸዋንዳኝ አንቺ ያጠፋሽ መስሏቸው ነበር። ግን ይቅር ብለውሻል።"

"መስሏቸው ነው ወይስ ተነግሯቸው?"

"ያው ነው። ነገሩ አልቋል እያልኩሽ ነው። አየር ማረፊያ ስንደርስ አንድ ጊዜ ይቅርታ ትያቸዋለሽ፣ ይስሙሻል፣ በዚያው ይረሳል። እኔ ነኝ ካልኩ ግን አይረሳም። ለእኔ አደራ ነው የሰጡኝ። አደራ በላ ከተባልኩ ደግሞ ከዱባይ ናይፍ እስከ አጅማን አበሻ ፊት የምቆምበት የለኝም። አንቺን ማን ምን ይልሻል?"

ሹኩሪያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ወንድሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ኬሚሴ አጠገብ ባለው የአያታቸው ግቢ አብረው አድገዋል፤ የእሱ እናት ክርስቲያን አግብታ ወደ ደሴ ሄደች፣ የእሷ አባት እዚያው ቀረ፤ በፋሲካም በኢድም የሁለቱ ቤት ልጆች አንድ ትሪ ላይ ነው የበሉት። ቪዛ ሲቃጠልባት ፈልጎ ያስገባት እሱ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ተብሎ። ግን ሰው ክፉ ሳይሆንም ሰውን እንደ መወልወያ ጨርቅ ይጠቀምበታል፤ ጨርቁ የተሠራው ለዚያ ስለሚመስለው ነው። "አንቺን ማን ምን ይልሻል" ያላት ከልቡ ነው፤ ያሰበላትም መስሎታል። ስለ ማቆያው ሥራ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እሷ የሰማች አልመሰለውም። ሹኩሪያም እስኪናገረው ጠበቀች፤ ሰናዒያ እስኪደርሱ ጠበቀች፤ አልተናገረውም።

ሻርጃ ሰናዒያ ማለት ከዳር እስከ ዳር የተከፈተ የመኪና ሆድ ነው። በመጀመሪያው ጋራዥ ጢሙን ሂና የተቀባ ፓኪስታናዊ ኃላፊ ፕራዶውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ጭረቱ ላይ ምራቅ ያስነካውን ጣቱን አሳለፈና "ወረቃ?" አለ። ወንድሙ የመኪናውን ፈቃድ አወጣ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ "ወረቃ ሹርጣ። ወረቃ ማፊ፣ ሹግል ማፊ።" ሹኩሪያ ተረጎመች፤ የፖሊስ ወረቀት ከሌለ ሥራ የለም፤ ያለ ወረቀት የተጋጨ መኪና የሚቀባ ጋራዥ ይቀጣል። ሁለተኛው ጋራዥ ሻይ ጋበዛቸው፤ መልሱ ግን ያው ነው። ወንድሙ በጆሮዋ "ፖሊስ ምን ምን ይጠይቃል በይው" አለ። ጠየቀችው። ሰውየው በጣቱ ቆጠረ፤ ማን ነበር የሚነዳው፣ የት፣ ምን ገጨ፤ የተናገርከውን ወረቀቱ ላይ ይጽፉታል፣ ባለመኪናው እስኪሸጠው ፋይል ውስጥ ይኖራል። ሹኩሪያ አንድም ሳትቀንስ፣ ቀስ ብላ፣ ለወንድሙ ነገረችው። "ፖሊስ ጋ አንሄድም" አለ። ላብ አጥምቆት ነበር፤ ማቀዝቀዣው ግን ይሠራል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አጅማን ገቡ። ከባልደረባው ባገኘው ስልክ የደወለለት ሙስዐብ የሚባል አበሻ ቀለም ቀቢ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ጋራዥ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠበቃቸው። የወሎ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሲቀባ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የሰው መኪና ቀለም ቀርቶበታል። "አርባቡ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣ" አለ፤ አለቃውን ማለቱ ነው። "ያለ ወረቀት አንቀባም ነበር፤ ለአገር ልጅ ተብሎ እንጂ። ቶሎ እንጨርስ።" ከዚያ እንደ ሐኪም ተንበረከከ። ነጭ ሲሉት ቀላል ይመስላል፣ አለ፤ ይኼ ግን ዕንቁ ነጭ ነው፣ ሦስት ድርብ ነው የሚቀባው፣ ቦታውን ብቻ ቢነኩት ፀሐይ ላይ እንደ ለምጽ ይለያል፤ ስለዚህ በሩን ሙሉ ያዳርሰዋል። የተላጠውን ስቱኮ ይሞላዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ ቀብቶ መብራት ሥር ያደርቀዋል። "ግድግዳ ነው ምሰሶ?" ብሎ ጠየቀ።

"ሽቦ ነው" አለ ወንድሙ። አፉ ለምዶት ነው።

ሙስዐብ ሳቀ። "ወንድሜ፣ ሽቦ ክብ ክብ እየሠራ ነው የሚጭር፤ የሰው እጅ ነው የሚያዞረው። ይኼ ቀጥ ብሎ ሄዷል። ደሞ ቢጫ ይዟል፤ ቢጫ የሚተፋ ሽቦ አላውቅም።" ቀና ሲል የወንድሙን ፊት አየ፤ የሹኩሪያን ፊት አየ፤ ሳቁን ዋጠ። "ለነገሩ እኔ ምን አገባኝ" ብሎ በሩ ዙሪያ ቡናማ ወረቀት በፕላስተር መለጠፍ ጀመረ። እጁ ፈጣን ነው። መስኮቱን ሸፈነ፣ እጀታውን ጠቀለለ፣ ጎማውን ሸፈነ፤ በሩ ብቻ ከነጭረቱ በመስኮት እንዳለ ሰው ወጥቶ ቀረ። "አብሽር" አለው ወንድሙን። "ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አልቆ ትወስደዋለህ። እንኳን ባለቤቱ ጅንም አያውቀው።"

ሹኩሪያ እስከዚያ ድረስ ጥላው ሥር በተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ነበር። አያውቀውም የሚለውን ስትሰማ ነው ነገሩ የበራላት። ሁለት ሰዓት ብቻ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢጫውም፣ ቀጥ ያለው መስመርም፣ የተላጠውም አይኖርም፤ የሚቀረው ሽቦው ብቻ ነው፤ ያልነበረው ሽቦ። ጋሽ ሸዋንዳኝ ያማረ በር ያያሉ፣ እትዬ ሳምራዊት የገጠር ልጅ ያያሉ፣ እሷ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ትመለሳለች። በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ ለእሷ የሚመሰክርላት አንድ የመኪና በር ነው፤ እሱንም ሊያለሰልሱት ነው። ተነሣች። ሙስዐብ የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነካ ሳለ በእሱና በበሩ መካከል ገባችና ጀርባዋን ጭረቱ ላይ አስደግፋ ቆመች።

"ይኼ በር ባለቤቶቹ ሳያዩት አይነካም።"

ወንድሙ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ለሙስዐብ ነው ፈገግ ያለው። "ሹኩሪያ፣ ዞር በይ፣ ሰውየውን አታስቸግሪው።" አልተንቀሳቀሰችም። ከጋራዡ ውስጥ ሁለት ቤንጋሊዎች መፍቻቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ፤ አንዱ "ሙሽኪላ?" ብሎ ችግር እንዳለ ጠየቀ። ወንድሙ ተጠጋት፤ በዚህ አገር ሰው መሀል የሴት ክንድ ይዞ መጎተት ምን እንደሚያመጣ ስለሚያውቅ እጁን ኪሱ ከተተ። "አታዋርጂኝ" አለ በሹክሹክታ። "ጠዋት ሰምቻችኋለሁ" አለች እሷ፤ አልተንሾካሾከችም። "ስለ ሽቦውም ሰምቻለሁ። ስለ ሥራዬም ሰምቻለሁ። ሊሊ ያለችውንም ሰምቻለሁ። አንተው ትነግረኛለህ ብዬ ከሻርጃ እስከዚህ ጠበቅሁህ። አንተ ግን የምታወራኝ ይቅርታ እንዴት እንደምጠይቅ ነው።"

ወንድሙ ፊቱ ተለዋወጠ። ሙስዐብ ነገሩን ለማብረድ ብሎ "እኅቴ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለም" አለ። "ይባላል" አለች። "ይኼ ግን ሊጠራ ሲል ቀለም ሊቀባ ነው።" ያን ጊዜ ነው ወንድሙ፣ በኋላ ራሱም የሚያፍርበትን ነገር የተናገረው፦ "ቪዛሽ በእኔ ስም መሆኑን አትርሺ።"

ሁለቱ የአንድ አያት ልጆች ተያዩ። አያትየዋ ብትኖር ኖሮ ይህን የተናገረውን አፍ በርበሬ ታጥነው ነበር። ሹኩሪያ መፍራቷን ደብቃ አታውቅም፣ ፈርታለች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ከማዳም ቤት ያስወጣት ወረቀት እንደሆነ፣ ያስገባትም ወረቀት እንደሆነ ታውቃለች። ጀርባዋን ግን ከበሩ አላነሣችም። "ቪዛዬ በአንተ ስም ነው፤ ስሜ ግን በአባቴ ነው" አለች። "አባቴን ደግሞ አንተ አጎቴ ነው የምትለው። ከፈለግህ ሰኞ ሰርዘው። ዛሬ ግን በሩ አይነካም፤ ዋላሂ አይነካም።"

ሙስዐብ የብርጭቆ ወረቀቱን አጥፎ ባልዲው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። "ይቅርታ ወንድሜ" አለ፣ "ሰው የቆመበትን በር አልቀባም። አርባቡም ሊመጣ ነው። ኸላስ፣ መኪናህን ውሰድ።" ወረቀቱን ሊነቅል ሲል ሹኩሪያ ተወው አለችው፤ እንደዚሁ ይሂድ። በሩን ዞር ብላ የከፈተችው ጭረቱ እንዳይነካ ተጠንቅቃ ነው።

ከአጅማን ዱባይ ያለው መንገድ ቅዳሜም ቢሆን ይጨናነቃል። ፕራዶው ጎኑን ታሽጎ፣ ፕላስተሩ በነፋስ እየተንጨባረረ፣ በአምስት መስመር መኪና መሀል ይሳባል፤ ከጎን የሚያልፉ ሰዎች መስኮት እያወረዱ ያያሉ። ሹኩሪያ ከኋላ፣ ከታሸገው በር አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። አንድ ጊዜ ሊሊ ደውላ ነበር፤ ወንድሙ ስሟን አይቶ ዘጋው። የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው በመስታወቱ አያት፤ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ምናልባት ይለምናት ነበር፣ ምናልባት ይሰድባት ነበር። እሷ የምታስበው ስለ እትዬ ሳምራዊት ነው። ባያምኗትስ? ቢያምኗትም፣ ታላቅ ሰው ፊት ዘመዷን ያዋረደች አፈኛ ብለው ጭራሽ ቢጠሏትስ? ይህም ሊሆን ይችላል። ብታስበው ብታስበው ግን አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ከአፏ የሚወጣበት መንገድ አልተገኘም፤ ስለዚህ ማሰቡን ተወችው።

ጋሽ ሸዋንዳኝ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሆዳቸውም፣ ድምፃቸውም፣ ልባቸውም ትልቅ ነው። ይቅር ማለት ይወዳሉ፣ በተለይ ሰው ካየላቸው። በአየር ማረፊያው ማቆሚያ ሁለት ጋሪ ሻንጣ እያስገፉ ሲመጡ ገና ከሩቅ እጃቸውን ዘረጉ። "የታለች ያቺ ልጅ! ነይ ሳሚኝ! ስለ መኪናው አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ብያለሁ!" ሻንጣ የሚገፋው ሠራተኛ ሳይቀር ዞሮ አየ። እትዬ ሳምራዊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የታሸገውን በር ያያሉ። ወንድሙ ቁልፉን ጨብጦ ቆሟል።

ሹኩሪያ ከቆመችበት አልሄደችም። "እንኳን በደህና መጡ ጋሽ ሸዋንዳኝ። ይቅርታዎን ግን መልሰው ይውሰዱልኝ፤ የእኔ አይደለም።"

"ምን ማለት ነው?"

"መኪናዎን በሽቦ አላጠብኩም። በሽቦ ቀርቶ በእጄም ነክቼው አላውቅም። ባለፈው ዓርብ ምሰሶ ነው የታከከው፤ እዚህ በር ጋ ተቀምጬ ነበር። ማን እንደነዳው ከእኔ አይስሙ፤ አጠገብዎ ቆሟል፣ ይጠይቁት።"

እትዬ ሳምራዊት ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ጭረቱን ነኩት፤ ጥፍራቸው ሥር ቢጫ ዱቄት ገባ። ጥፍራቸውን ለወንድሙ አሳዩት፤ "ሽቦ ያልከኝ ይኼንን ነው?" ወንድሙ እስከ ዛሬ ሰው አደራ ሰጥቶት የማያውቅ ሰው መሰለ። "እኔ ነኝ እትዬ" አለ። "ሠርግ ነበረብኝ።" ጋሽ ሸዋንዳኝ ለትንሽ ጊዜ ፊታቸው ከበደ፤ ግን ክብደት የሚስማማው ፊት አይደለም። ወዲያው እንደ ልማዳቸው ፈታ አሉ። "አዬ ወንድሙ! አንተ ደግሞ! በል በቃ፣ ሰው ነህ፣ አንተንም ይቅር ብዬሃለሁ። ላሜራ ነው፣ ላሜራ ይቀባል" ብለው አቀፉት። ጠዋት ሹኩሪያ ላይ የነበረው ይቅርታ፣ ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ፣ ተነሥቶ ወንድሙ ላይ አረፈ። ወንድሙ ዐይኑ እንባ አቀረረ። እትዬ ሳምራዊት ለሹኩሪያ "ሥራሽ ሥራሽ ነው፤ ሰኞ ነይ" አሏት፤ የእሳቸው ነገር አጭር ነው። ሻንጣው ተጫነ፣ ሁሉም ገባ፣ በር ተዘጋ፣ ሞተር ተነሣ። ሹኩሪያ ውጭ ቆማለች።

"ግቢ እንጂ!" አሉ ጋሽ ሸዋንዳኝ በመስኮት።

"እኔን ይቅርታ የሚጠይቀኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው።"

"እንዴ! ነገሩ አለቀ እኮ ልጄ።"

"የእርስዎ አልቋል ጋሼ። የእኔ አልተጀመረም።"

ከኋላ የቆመ መኪና ጥሩምባ ነፋ። አንዱ ጨመረበት። ወንድሙ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ዞሮ መጣ፣ ፊቷ ሲደርስ መሬት መሬት አየ። "እሺ፣ ይቅርታ። ግቢ በቃ።"

"ምን አድርገህ?"

"ሹኩሪያ፣ ሰው እያየ..."

"ስትዋሽብኝም ሰው እየሰማ ነበር።"

ወንድሙ ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። "መኪናውን እኔ ገጭቼ፣ በሽቦ አጠበች ብዬ ዋሸሁብሽ።" ጠበቀችው። ጥሩምባው ቀጠለ፤ ጋሽ ሸዋንዳኝ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል፤ እትዬ ሳምራዊት ወደ ፊት ነው የሚያዩት፣ ጆሯቸው ግን እዚህ ነው። "ሌላም አለ" አለች ሹኩሪያ። ወንድሙ ሌላውን ያውቀዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዐይኗን አየ፤ ከዚያ ከከንፈሩ በማይወጣ ድምፅ፣ ጠዋት ሥራው ሲቀርባት ዝም ያለው እነሱ ቤት እንድትቀርላቸው ብሎ እንደሆነ ተናገረ።

"ጮክ በል" አለች ሹኩሪያ። "መኪና ውስጥ ያሉት አልሰሙህም።"

ወንድሙ ወደ መኪናው ዞረና ጮክ ብሎ ደገመው።